ነጻ አዳር

«ጋሼ፣ ላሳድሰው ወይስ ልተወው?»

የእህቴ ልጅ ይህን የጠየቀችኝ ጀልዴሳ ላይ፣ ከአሸዋማው ወንዝ ዳር አንዲት ግራር ሥር ቆመን ነው። ጊዜው ግንቦት መባቻ፣ 2017 ዓ.ም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከማዶ ግመሎች በተርታ ያልፋሉ። እሷ ግን ዓይኗን ከስልኳ አልነቀለችም። ግራሯ ሥር አንዲት ሰረዝ ኔትወርክ ብቅ ብላ ከአሜሪካ የተላከ መልእክት አስገብታላታለች። እኔ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የቤት ኪራይ ውል መስሎኝ ልቤ ደንገጥ አለ።

«ምኑን ነው የምታሳድሺው?»

«የሆቴል ካርዴን። ዓመታዊ ክፍያው ሊቆረጥ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል። ካልፈለግሁት አሁኑኑ መወሰን አለብኝ።»

ሳቄ መጣ። ከድሬዳዋ በመኪና ተንገጫግጨን የመጣነው የአባቷን አክስት ልንጠይቅ ነው። አባቷ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የጀልዴሳ ልጅ ነበር። አክስቱ ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ግመሎቻቸውንም በስም ያውቃሉ። እናቷ፣ ማለትም እህቴ፣ አብራን ያልመጣችው ዓይኗን ሞራ ተሠርታ ሐኪሙ ከአቧራ እንድትርቅ ስላዘዛት ነው። ካርዱ የሚያውቀው አንድም አልጋ በሌለበት በረሃ መካከል ቆመን ስለ ሆቴል ካርድ እንመካከር ጀመር።

ጉዳዩ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። እንዲያውም በቤተሰባችን ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጤስ የነበረ ነገር በውስጡ አለ። እሱን ከማውራቴ በፊት ካርዱ ምን እንደሆነ ላስረዳ።

በአሜሪካ ታላላቆቹ የሆቴል ኩባንያዎች ከባንኮች ጋር ተሻርከው ክሬዲት ካርድ ያወጣሉ። ባለካርዱ አስቤዛውን፣ ነዳጁንና ምሳውን በዚያ ካርድ በከፈለ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀምለታል። ነጥቡ ሲበረክት በሆቴሉ አልጋ ይመነዘራል። ብዙዎቹ ካርዶች በየዓመቱ ያስከፍላሉ፤ ከፍሎ ላሳደሰም አንድ ነጻ አዳር ይመርቁለታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በነበረው ዋጋ የሃያት ካርድ 95 ዶላር ነበር። የማሪዮት መካከለኛው ካርድም እንዲሁ 95 ያስከፍል ነበር። ሆሊዴይ ኢንን ያቀፈው አይ ኤች ጂ 99፣ የሂልተን መካከለኛው ደግሞ 150 ዶላር ናቸው። ወደ ላይ ከወጣን የሂልተን ትልቁ 550፣ የማሪዮት ትልቁ 650 ይደርሳል። ሂልተን ምንም የማያስከፍል ካርድም አለው።

ነጻ አዳሩም ቢሆን እንደ ስሙ ልቅ አይደለም። ከራስ ነጥብ ካልጨመሩበት በቀር የማሪዮቱ እስከ 35 ሺህ ነጥብ፣ የአይ ኤች ጂው እስከ 40 ሺህ ነጥብ ከሚያወጣ ክፍል አያልፍም። ሃያት ሆቴሎቹን በስምንት ደረጃ ከፍሎ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ብቻ ይፈቅዳል። የሂልተን መካከለኛው ካርድ በዓመት 15 ሺህ ዶላር ካላወጡበት አዳሩን ጨርሶ አይሰጥም። የተሰጠው አዳርም ጊዜ ገደብ አለው፤ ካላደሩበት ይከስማል። የእህቴ ልጅ የያዘችው ካርድ የማን እንደሆነ አልናገርም። ክፍያው መቶ ዶላር ጥቂት የጎደለው መሆኑ ይበቃናል።

ይህ ብልሃት ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። አሜሪካን ኤክስፕረስ እ.ኤ.አ. በ1958 የመጀመሪያ ካርዱን ሲያወጣ በዓመት 6 ዶላር ያስከፍል ነበር። ሆሊዴይ ኢንና ማሪዮት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ለደንበኛ ነጥብ መቁጠር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ማዕረግ ወጣለት። ጥቂት ያደረ «ብር»፣ ደጋግሞ ያደረ «ወርቅ»፣ ኑሮውን እዚያው ያደረገ «ፕላቲነም» ይባላል።

እዚህ ላይ ነው የእኛና የእነሱ መንገድ የሚለያየው። በኛ አገር እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። እነሱ ዘንድ እንግዳ በሰነበተ ቁጥር ይከብራል፤ እኛ ዘንድ በሰነበተ ቁጥር ይረክሳል። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙም አልቆየም። ምክንያቱም ወዲያው ሂሳብ ጀመርን።

ከኪሴ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣሁና ግንድ ተደግፌ መጻፍ ያዝኩ። ካርዱን ከያዘች አራት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በመግቢያ ስጦታው አልፋዋለች፤ እሱን ተውነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ አሳድሳ ወደ ሦስት መቶ ዶላር ከፍላለች፤ ሦስት ነጻ አዳርም ተቀብላለች።

«የመጀመሪያዋን የት አደርሽባት?»

«ቺካጎ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ምንም። አዳሯ ልትቃጠል ሁለት ሳምንት ሲቀራት ሄድኩ። ቅዳሜና እሁድ።»

«የአውሮፕላኑስ? የምግቡስ?»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ደመረችው፤ አራት መቶ ዶላር ገደማ ሆነ። አንዲት ነጻ አዳር እንዳትባክን አራት መቶ ዶላር ወጣ። እንዲህ ያለው ነገር በአሜሪካ ብቻ አይምሰላችሁ። ቅናሽ ነው ተብሎ የማያስፈልገውን ጫማ ገዝቶ የገባ ሰው በየቤታችን አለ። በወረቀቱ ላይ «አንደኛ ዓመት፦ ኪሳራ» ብዬ ጻፍኩ።

«ሁለተኛዋስ?»

«ተቃጠለች። ለገና የመጣሁ ጊዜ ላድርባት አስቤ ነበር፤ ታስታውሳለህ እኮ ጋሼ፣ ያኔ የተነሣውን ጭቅጭቅ። በመጨረሻ እማዬ ጋ አደርኩ፤ ሦስት ሳምንት፣ በነጻ።»

«በነጻ» ያለችው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰካ።

አስታውሳለሁ። እንዴት እረሳዋለሁ? በ2015 ዓ.ም ገና ነው። አዲስ አበባ አንድ ሌሊት በዚያች አዳር፣ ድሬዳዋ ደግሞ የተወሰነ ቀን ሆቴል ልረፍ ብላ በስልክ ተናገረች። እህቴ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። «ሆቴል? የማን ልጅ ናት? እናት የሌላት ናት?» አለች። ጎረቤት ሰማ። ቀበሌው ሁሉ ሰማ። እኔም ከእህቴ ጎን ቆምኩ። መቆም ብቻም አይደለም፣ በጋዜጣ ዓምዴ ላይ «በእናቱ ከተማ ሆቴል የሚያድር ትውልድ» እያልኩ ተሳለቅሁ። ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን፣ «የመሸበት መንገደኛ ነኝ» ላለ ሰው «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለው በር ስለሚከፍቱ አባቶቻችን ጻፍኩ። ብዙ ሰው ወደደው። የእህቴ ልጅም አነበበችው፤ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ገባች።

ጽሑፉ በወጣ በስድስተኛው ወር ድሬዳዋ ሄጄ ነበር። እህቴ ለቡና ስኳር አነሳትና ከማዕዘኗ ሱቅ ላመጣ ወጣሁ። ባለሱቁ ከልጅነታችን የሚያውቀን ነው። ስኳሩን እየመዘነ የዱቤ ደብተሩን ገለጠና፣ «አቦ፣ የእህትህ ሂሳብ ግማሹ እኮ ገና ነው። አትቸኩል በላት፤ እኔ አልቸኮልኩም» አለኝ።

ደብተሩን አሳየኝ። አንድ ሙሉ ገጽ ነው። የታሸገ ውሃ በካርቶን፤ ልጅቱ የቧንቧውን እንዳትጠጣ። የፊትና የገላ ሳሙና፣ ሻምፑ፣ የሽንት ቤት ወረቀት። ቱና፣ ፓስታ፣ የዱቄት ወተት፣ ማር። ሱቁ የማይሸጠውን ሁሉ ደግሞ እሱ ጥሬ ገንዘብ አበድሯታል። ስፖንጅ ፍራሽ፣ አጎበር፣ ቬንትሌተር፣ የገና በግ። ቁጭ የሚባልበት የሽንት ቤት መቀመጫ ሳይቀር ተገጥሟል። ለሱ ሠራተኛ የተከፈለበት በሌላ ቀለም ተጽፏል። እህቴ በጡረታ የምትኖር ሴት ናት።

ቤት ተመልሼ ስኳሩን ሳስቀምጥ ፊቴን አይታ ገባት። «ለልጅቱ ትነግራትና!» አለችኝ። «ከኪስህ ከፍለህ ብትገኝ ደግሞ ደጄን አትረግጣትም።» ያንን ዕዳ በዘጠኝ ወር ከፍላ ጨረሰች። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ አፌን ዘጋሁ። አንዳንድ ቀን ያንን ጽሑፌን የሚያመሰግን አንባቢ ሲያጋጥመኝ የዱቤው ገጽ ይታየኛል።

ጀልዴሳ ላይ፣ ግራሯ ሥር፣ አፌ ተከፈተ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። «ሁለተኛ ዓመት፦ ዜሮ» ብዬ እንድጽፍ ስትጠብቅ እኔ የዱቤውን ገጽ መዘርዘር ያዝኩ፤ ከታሸገው ውሃ እስከ ሽንት ቤቱ መቀመጫ። አልተናገረችም። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ግመሎቹ ዞረች። ትከሻዋ ግን ይናገር ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች በመጨረሻ።

«አስምላኝ ነው።»

«እንዲህ ያለውን መሐላ ማፍረስ ነበረብህ።»

መልስ አልነበረኝም። ልክ ናት። እኔ የጻፍኩት እውነት ነበር፤ ግን ግማሹ። በሩን ስለሚከፍቱት ጽፌ፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ ጓዳ ገብቶ ስለሚከፍለው ሰው አልጻፍኩም። ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ማን ነው የሚናገረው ብቻ ሳይሆን ማን ነው ዝም ያለው ብላችሁ ጠይቁ» እል ነበር። የራሴን ጽሑፍ ግን አልጠየቅሁትም።

አክስቲቱ ቤት ስንመለስ ሻይ በግመል ወተት ፈልቶ ቆየን። ምንጣፉ ተራግፎ፣ ጥላው ተመርጦ ተቀመጥን። ስንነሣ የእህቴ ልጅ ብር አጣጥፋ ልታስጨብጣቸው ስትል ሾፌራችን በዓይኑ ከለከላት፤ ሶማሊኛውን የሚተረጉምልን እሱ ነው። «ብር አትስጫት። ስኳሩንና ሻይ ቅጠሉን፣ ሽርጡንም፣ አስቀምጪላት። ብር ከሰጠሻት እንግዳ አይደለሽም፤ ገዢ ነሽ» አላት። እንዳላት አደረገች። አሮጊቷ ስጦታውን ሳያዩት ወደ ጓዳ አሳለፉትና እጇን ይዘው አንድ ነገር ጠየቁ። ሾፌሩ ተረጎመ፦ «መቼ ትመለሻለሽ ትልሻለች።»

በመኪናው ውስጥ፣ ዝምታው ሲከብደኝ፣ የጀልዴሳን ታሪክ አወራላት ጀመር። ታሪክ መሸሻ ይሆናል አንዳንዴ። ያን ቀን ግን መሸሻ ሊሆነኝ አልቻለም።

ባቡር ሳይመጣ በፊት የሐረር በር ጀልዴሳ ነበረች። ከዘይላ የተነሣ ነጋዴ በረሃውን በግመል አቋርጦ እዚህ ይደርሳል። ከዚህ ወዲያ ወደ ሐረር ዳገት ነውና ጭነቱን ወደ በቅሎና አህያ ያዛውራል። ግብጾች እ.ኤ.አ. በ1875 ሐረርን ሲይዙ እዚህ ወታደር አሠፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1887 ምኒልክ ሐረርን ከያዙ በኋላም ጀልዴሳ የቀረጥ ኬላ ሆነች። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ጥሎ ቡናና ቆዳ ሲነግድ በዚሁ መንገድ ተመላልሷል።

ታዲያ ያ ሁሉ መንገደኛ በሰው አገር እንዴት አደረ? በሶማሌው ምድር «አባን» የሚባል ሥርዓት ነበር። ነጋዴው ሳይነሣ ከአካባቢው ሰው አንድ አባን ይይዛል። አባኑ ጠባቂው፣ አስተርጓሚው፣ ደላላውና አሳዳሪው ነው። የሱ እንግዳ የሆነን ሰው የነካ የሱን ጎሳ እንደነካ ይቆጠራል። ለዚህም ዋጋው ታውቆ፣ በጨርቅም በገንዘብም ይከፈለዋል። እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለዚህ ሥርዓት በመጽሐፉ በሰፊው ጽፏል። አባን አስበዝቶ አስከፈለን እያሉ የሚያማርሩ መንገደኞችም ነበሩ። እንግዲህ «ክፍያው ከጥቅሙ ይመጣጠናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ አሸዋ ላይ ሲጠየቅ የመጀመሪያው አይደለም።

«ስለዚህ መክፈል ነውር አልነበረም ማለት ነው» አለች የእህቴ ልጅ፤ ከግራሯ ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«እዚህ ነውር አልነበረም። መሀል አገር ግን ሌላ ነው።» እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1907 አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ነበርና ሰው ድርሽ አላለም ይባላል። ምኒልክ መኳንንታቸውን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ከፍለው ነው አሉ ነገሩን ያለማመዱት። እኛ እንግዲህ በሁለቱ መካከል የቀረን ሕዝብ ነን። እንደ አባኑ ዋጋውን በግልጽ አንናገርም፤ እንደ ድሮው ባለርስት ጎተራ ሙሉ እህል ደግሞ የለንም። ስለዚህ አንዱ በዝምታ ይከፍላል። ብዙውን ጊዜ ያ አንዱ እናት ናት።

ድሬዳዋ ልንገባ ስንል ወረቀቱን አወጣሁ። ሦስተኛዋ አዳር ቀርታናለች።

ሦስተኛዋ የዚያን ወር ናት። ከፋሲካ በኋላ እህቴ አዲስ አበባ መጥታ ዓይኗን ተሠራች። ከሕክምናው በፊት የነበረውን ሌሊት ያጎት ልጅ ኮንዶሚኒየም አደርን፤ ከከተማው ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ከሕክምናው በኋላ ግን በታሸገ ዓይን ያንን ደረጃ መውጣት፣ በማግስቱ ደግሞ ማለዳ ለምርመራ መመለስ የሚሆን አልነበረም። ልጅቱ ነጻ አዳሯን አወጣችና እናቷን ይዛ ሆቴል ገባች። እኔ ልሸኛቸው ገብቼ ነበር፤ እህቴ የሆቴሉን ወለል በአንድ ዓይኗ እያየች ጫማዋን ልታወልቅ ስትል እጇን ያዝኳት።

ጠዋት ልወስዳቸው ስሄድ አልጋውን ራሷ አንጥፋለች። «እነዚያ ልጆች ይደክማሉ» አለች። ትናንሾቹን ሳሙናዎች ለጎረቤት በመሐረብ ቋጥራለች። «እንዴት አደርሽ?» አልኳት። ልትወቅሰን ነው ብዬ ስጠብቅ፦

«ጥሩ ነው። ማንንም አላስቸገርኩም» አለች።

ዕድሜዋን ሙሉ ሌላ ሰው ሲያስቸግራት የኖረች ሴት፣ አንድ ሌሊት የማንንም ፍራሽ ሳትቀማ፣ የማንንም ልጅ ወለል ላይ ሳታስተኛ አደረች። ለሷ ትልቁ ድሎት ይኸው ነበር።

«ይህችን ስንት እንበላት?» አልኩ ወረቀቱ ላይ ብዕሬን አድርጌ።

«የዚያን ቀን የክፍሉ ዋጋ ከነታክሱ ሁለት መቶ ዶላር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው» አለች። «ሁለት መቶ በለው።»

አይደለም። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ባለካርድ ራሱን የሚያታልለው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዋጋ የኔ ጥቅም አይደለም፤ ጥቅሜ ካርዱ ባይኖር ኖሮ ከኪሴ የማወጣው ነው። ካርዱ ባይኖር እኛ ሁለት መቶ ዶላር ከፍለን እዚያ አንገባም ነበር። ክሊኒኩ አጠገብ ንጹሕ ፔንሲዮን አለ፤ ጠይቄ አውቃለሁ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር። የምንዛሪው ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረ ዶላር፣ በዚያ ግንቦት ባንክ ቤት 130 አልፎ ነበር። ያ ፔንሲዮን ሃያ ዶላር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። መቶ ዶላር ከፍለሽ የሃያ ዶላር አልጋ አገኘሽ አልኳት።

«የእማዬስ 'ማንንም አላስቸገርኩም'? እሱ ስንት ነው?»

«ፔንሲዮኑም ቢሆን ያንን ይሰጣት ነበር።»

ለእያንዳንዱ ሰው ግን መልሱ ይህ ነው አልልም። በሥራው ምክንያት በዓመት አሥርና አሥራ አምስት ሌሊት በራሱ ገንዘብ ሆቴል የሚያድር ሰው አለ። በእርግጠኝነት 150 ዶላር የሚከፍልበትን አንድ ሌሊት በ95 ዶላር ካርድ ከተካው አትርፏል፤ ክርክር የለውም። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቅ። አንደኛው ወለድ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ አኃዝ እንደሚያሳየው ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ በዓመት ከመቶ 20 በላይ ነው። ሁለት ሺህ ዶላር ዕዳ ዓመት ሙሉ ካርዱ ላይ ያሳደረ ሰው አራት መቶ ዶላር ለወለድ ይከፍላል፤ ያን ጊዜ ነጻ አዳሩ ነጻ መባሉ ፌዝ ነው። ወር በገባ ቁጥር ዕዳውን አሟጦ የማይከፍል ሰው ስለ ነጥብ ባያስብ ይሻለዋል።

ሁለተኛው፣ የነጥብን ዋጋ የሚወስነው ያጠራቀመው ሰው አይደለም። ሂልተን እ.ኤ.አ. በ2017፣ ማሪዮት በ2022 ለእያንዳንዱ ሆቴል የተወሰነውን የነጥብ ዋጋ ሰንጠረዥ አስቀሩት። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እንደ ቀኑ ይወጣል፣ ይወርዳል። ለዓመታት ያጠራቀሙት ነጥብ አንድ ጠዋት ግማሽ አልጋ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጀልዴሳን ተመልከቱ። መቶ ግመል የሚያድርባት ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1902 ማብቂያ ባቡሩ ድሬዳዋ ገባ፤ ሐዲዱ በጀልዴሳ አላለፈም። አባኑ እዚያው ነበር፣ ውሃውም እዚያው ነበር፣ ዋጋቸው ግን ከሲራራው ጋር ሄደ። ሐዲዱ በየት በኩል እንዲያልፍ ጀልዴሳን ማንም አልጠየቃትም።

የእህቴ ልጅ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሌላ ሂሳብ ሠራች፤ በስልኳ ሳይሆን በጣቷ። መቶ ዶላሩ በ130 ሲመታ አሥራ ሦስት ሺህ ብር። በሁለት ሺህ አምስት መቶ ሲካፈል አምስት ሌሊት። እህቴ የሁለተኛው ዓይኗ ቀጠሮ በመጪው ዓመት ነው።

«እተወዋለሁ» አለች። «ወይም ወደማያስከፍለው አስቀይረዋለሁ።»

እኔም የምመክራት እሱን ነበር። ነገር ግን ውሳኔው የካርድ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ መኪናው ወደ እህቴ ሠፈር ሲታጠፍ፣ «ጋሼ፣ ሱቁ የቱ ጋ ነው?» ስትለኝ ነው።

አሳየኋት። ወረደች። እኔም ተከተልኳት። ባለሱቁ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ጫቱን ይቅማል። የማን ልጅ እንደሆነች ስነግረው ተነሥቶ ጨበጣት፤ አባቷን እያነሣ ዱዓ አደረገ። እሷም በቀጥታ ገባችበት። እናቷ ዕዳ አለባት ወይ ብላ ጠየቀች።

«የለባትም። ጨርሳለች፤ ድሮ» አለ።

«እንግዲያው ይህን ያዝልኝ» ብላ አሥራ ሦስት ሺህ ብር ቆጥራ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ለሚቀጥለው ዓመት። እኔ ስመጣ ለምትወስደው ሁሉ። እንዳትነግራት ብቻ።»

ባለሱቁ ገንዘቡን አየው፤ እሷን አየ፤ እኔን አየኝ። ደብተሩን ገለጠና ባዶ ገጽ አሳያት።

«አቦ፣ ዱቤ እንዴት ቀድሞ ይከፈላል?» አለ። «እኔ የምጽፈው የተወሰደውን ነው። ገንዘብሽን ያዢ። ስትመጪ አብረሻት ነይ፤ ያን ጊዜ እጽፋለሁ።»